ሽበቴ ሲወጣ የምወዳቸው ልብሶች ከዱኝ

ሰላም እህቴ፣ ይሄን ዓምድ ሁሌ አነበዋለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሌሎቹ ከሚጽፉልሽ ጭንቀት አንጻር የኔ ትንሽ ነገር ስለሆነ ባትመልሺልኝም አልቀየምም።

49 ዓመቴ ነው፣ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነኝ። መልኬ ጠይም ነው። ሽበት ቶሎ ስለጀመረኝ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፀጉሬን ጥቁር ስቀባ ነው የኖርኩት። ዓምና ግን በተቀባሁ ቁጥር ራሴን ያሳክከኝ ጀመር፣ በመጨረሻ ጊዜማ ግንባሬና የዓይኔ ቆብ ሳይቀር አበጠ፣ ሐኪሙም አለርጂ ነው ሁለተኛ እንዳትነኪው አለኝ፣ ተውኩት። አሁን ከፊት ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ከኋላ ጥቁርና ነጭ ድብልቅ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ሽበቱን ለምጄዋለሁ፣ እንደውም ወድጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ልብሱ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የለበስኩት ቡና ዓይነት፣ ሰናፍጭ፣ የሸክላ ቀለም፣ እንዲህ ሞቅ ያለ ነገር ነው፣ ሰው ሁሉ ይሄድብሻል ይለኝ ነበር። አሁን እሱኑ ለብሼ ቢሮ ስገባ «አሞሻል እንዴ?» «ምነው ሌሊት አልተኛሽም?» ነው። በሳምንት ሦስት አራቴ። ደህና ነኝ ማለት ሰለቸኝ።

ልጄ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ስነግራት ስልኳ ላይ ያለ፣ የትኛው ከለር እንደሚሄድብሽ የሚናገር አፕ ውስጥ ፎቶዬን አስገብታ «እማ አንቺ ኦተም ነሽ» አለችኝ፣ ሞቅ ያለ ቀለም የሚሄድበት ሰው ማለት ነው አሉ፣ ፎቶው ከሦስት ዓመት በፊት ስትመረቅ አብረን የተነሳነው ነው፣ በጣም ነው የምትወደው። ከዛ ከደሞዟ ቆጥባ ሦስት ሹራብ ላከችልኝ፣ አንዱ ሰናፍጭ፣ አንዱ የወይራ አረንጓዴ፣ አንዱ የሸክላ። በቪዲዮ ስንደዋወል ለብሼ እቀርባለሁ፣ ደስ ይላታል። ስልኩን ዘግቼ መስታወት ሳይ ግን ፊቴ አመድ የተነፋበት ይመስለኛል፣ አወልቀዋለሁ።

እህቴ በጥቁር ሂና ተቀቢ፣ እሱ ተፈጥሮ ነው ምንም አያደርግሽም ትለኛለች። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ጥቁር ልበሺ፣ ጥቁር የማይሄድበት ሰው የለም አለችኝ። ባለቤቴ «ለኔ ሁሉም ያምርብሻል» ይላል፣ ከልቡ ነው፣ ግን ጠዋት ምን ልልበስ የሚለውን አይመልስልኝም። አንድ ቀን ቢሮ በጣም በርዶኝ ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ ጥቁር ሰማያዊ ሻርፕ ተውሼ ስውል ጥበቃው «ዛሬ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የፈኩት» አለኝ፣ የሚገርምሽ የዛን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። አጋጣሚ ይሆናል።

የትኛው ከለር ነው የኔ? ለልጄስ ምን ልበላት? በዚህ ዕድሜዬ ለልብስ ቀለም መጨነቄስ ልክ ነው?

ልጇን ማስቀየም የማትፈልግ እናት

* * *

እህቴ፣ በዕድሜ ብዙም ስለማንራራቅ እኔም አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። በሳምንት ሦስት አራቴ አሞሻል ወይ እየተባለ የሚውል ሰው ትንሽ ነገር አይደለም የገጠመው። ሰው ሲደጋግምብሽ ደህና ሆነሽም ራስሽን መጠራጠር ትጀምሪያለሽ፣ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ የዓይንሽን ስር መጎተት ይመጣል። ደሞ ሃያ ዓመት የለመድሽው መልክ በአንድ ዓመት ነው የተቀየረው፣ ያውም በምርጫሽ ሳይሆን በሐኪም ትዛዝ። ሽበቱን ከወደድሽው ትልቁን ነገር አልፈሽዋል ማለት ነው፣ የቀረሽ ልብስሽን ከሱ ጋር ማስታረቅ ብቻ ነው፣ እና በዚህ ነገር መጨነቅሽ እኔ ምንም የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም።

ከለሩ ውስጥ ሳንገባ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእርግጥ ደህና ነሽ? ደረጃ ስትወጪ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ ድው ድው ማለት ነገር የለም? በኛ ዕድሜ የወር አበባ ሲዛባና ሲበዛ ደም ማነስ ሳይታወቅ ሊገባ ይችላል፣ ጠይም ፊት ላይ ደሞ መገርጣት ቶሎ አይለይም፣ የታችኛውን የዓይን ቆብሽን ሳብ አድርገሽ ውስጡን ነው ማየት ያለብሽ፣ ነጣ ካለ ወይ ከጠረጠርሽ የደም ምርመራ አድርጊ፣ ቀላል ነው። የሻርፑ ቀን የጻፍሽልኝን ሳነብ ችግሩ ደም ነው ብዬ አላሰብኩም፣ ሳትተኚ አድረሽ ነው ፈክተሻል የተባልሽው። ግን አንዴ አይተሽው ልብሽ ቢያርፍ ይሻላል።

የእህትሽን ምክር ደሞ እባክሽ አትስሚ። ለክፋት እንዳላለች አውቃለሁ። ንጹህ ሂና የሚሰጠው ቀይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ነው፣ ጥቁር አይሰጥም። ጥቁር ሂና እየተባለ በሚሸጠው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመራል፣ ይሄ ኬሚካል በአብዛኛው ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥም ያለ ነው፣ እንዳንቺ ግንባርና የዓይን ቆብ የሚያሳብጠውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። አንዴ ሰውነት ከጠላው ደሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው፣ በነካሽው ቁጥር እየባሰ ሊሄድ ይችላል እንጂ አይለመድም። ሐኪምሽ ያለሽን ያዢ።

አሁን ወደ ልብሱ። የቆዳሽ ቀለም የተቀየረ አይመስለኝም፣ የተቀየረው ፊትሽን የከበበው ነገር ነው። እስከ ዓምና ድረስ ፊትሽ ዙሪያ ጥቁር ፍሬም ነበረ፣ ጥቁር ፀጉር፣ ጥቁር ቅንድብ፣ ጠይም ፊት፣ ከስር ሰናፍጭ ሹራብ፣ እና ጥቁሩ ሁሉንም አጥብቆ ይይዘው ነበር። አሁን ያ ፍሬም ብር ሆኗል። ብር ደሞ ቀዝቃዛ ቀለም ነው፣ ጥርት ብሎ ያበራል። ሰናፍጭና የወይራ አረንጓዴ ቡናማ ወይ ግራጫ የገባባቸው ድብዝዝ ያሉ ቀለሞች ናቸው፣ ከሚያበራ ነጭ ፀጉር ስር ሲገቡ ሁለቱ አይስማሙም፣ መሀል ላይ የሚጎዳው ፊትሽ ነው።

ይሄ የስሜት ጉዳይ እንዳይመስልሽ። ፓሪስ ውስጥ ጎብላ የሚባል ጥንታዊ የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ መሸመኛ አለ፣ ሚሼል ሼቭረል የሚባል ኬሚስት እዛ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበረ። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው፣ ጉልበት የለውም የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ሰውየው ቀለሙን ቢመረምረው ምንም እንከን የለበትም፣ ጥፋቱ አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክር ሆኖ ተገኘ። ከዛ ዓመታት ፈጅቶ አጠናውና በ1839 እ.ኤ.አ አሳተመው፣ አንድ ቀለም ጎረቤቱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል ነው ነገሩ። ቀይ አረንጓዴ አጠገብ ሲቀመጥ ይበልጥ ይቀላል፣ ቢጫ ደሞ አጠገቡ ያለውን ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይገፋል። ዓይንሽ ስር ያለው ጥላ ምን ዓይነት ነው? ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው አይደል? ሰናፍጭ ስትለብሺ እንግዲህ እሱን ነው የምታጎይው። ድሮም ጥላው ነበረ፣ ግን ጥቁር ፀጉርሽ ከሱ የባሰ ጥቁር ስለነበረ ዓይን አያርፍበትም ነበር።

እና የጥበቃው ነገር አጋጣሚ አይመስለኝም፣ ሰማያዊው ሻርፕ ጥላውን ወደ ተቃራኒው ገፍቶ አደብዝዞልሻል፣ ያ ሰው ምንም ሳያውቅ ትክክለኛውን ነገር አይቶልሻል።

አሁን አፑን እንየው። ፎቶው የመቼ እንደሆነ ስትጽፊልኝ ልብ ብለሽዋል? የምርቃቱ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት ፀጉሯ ጥቁር ነው! አፑ ያየው ከሦስት ዓመት በፊት የነበርሽውን አንቺን ነው፣ ለሷ የሰናፍጩ ሹራብ ሳያምርባትም አይቀር። ከዛ ላይ ደሞ የስልክ ካሜራ መብራቱን በራሱ ያስተካክላል፣ ቢጫ መብራት ስር ከሆንሽ ቢጫውን ይቀንሳል፣ ፊት ሲያገኝ የሚያለሰልስም አለ፣ ስለዚህ የቆዳን ቀለም ከፎቶ ላይ በእርግጠኝነት ማንበብ ከባድ ነው። ይሄ ሰውን በቆዳና በፀጉር ቀለሙ በአራቱ ወቅቶች ስም የሚመድበው፣ ስፕሪንግ ሰመር ኦተም ዊንተር የሚባለው አከፋፈል በ1980ዎቹ ነው በሰፊው የታወቀው፣ ያኔ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች አብዛኛዎቹን በጅምላ ዊንተር ብሎ ነበር የሚያልፋቸው፣ ጠይም ብስል ቀይ ጥቁር ሳይል። ከዛ ወዲህ ቢያሻሽሉትም እኔ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አልቀበለውም። የእጅ አንጓ ላይ ያለ ደም ስር አረንጓዴ ነው ሰማያዊ ብለሽ እዪ የሚባለውም ጠይም ቆዳ ላይ ብዙ አያስኬድም፣ በደንብ አይታይማ።

የሚያስኬደው ምን መሰለሽ፣ መስኮት ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤት ስትሆኚ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ፣ መብራት ሁሉ አጥፍተሽ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፊት ወንበር አድርገሽ ተቀመጪ። መብራቱን አጥፊ ያልኩሽ ቢጫ አምፖል ቡናማና ሰናፍጭን ያሳምራል፣ ሰማያዊን ይገድላል፣ ሱቅ ውስጥ ያማረብሽ ነገር ውጪ ስትወጪ የሚከዳሽ በዚህ ነው። ቤት ያለውን ባለቀለም ጨርቅ ሁሉ አውጪ፣ ሹራብ ብቻ አይደለም፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ የባለቤትሽ ሸሚዝ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ይሁን። ባለቤትሽን ከጎንሽ አቁሚው፣ ሁሉም ያምርብሻል የሚለውን ለአንድ ሰዓት ይተውና ጨርቅ ያቀብል።

ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እሱ ጨርቁን ከአገጭሽ ስር ያድርግ፣ ግለጪ። መጀመሪያ ያየሽው ምንድነው? ጨርቁን ነው ወይስ ፊትሽን? ጨርቁ ቀድሞ ከታየሽ እሱ ነው የለበሰሽ ማለት ነው። ፊትሽ ቀድሞ ከታየሽ ቆይበት፣ የዓይንሽን ስር እዪ፣ ከአፍንጫሽ ወደ አፍሽ የሚወርደውን መስመር፣ ማድያት ካለሽ እሱን፣ አገጭሽ ከአንገትሽ ጋር የሚለይበትን ጠርዝ፣ የዓይንሽን ነጭ። ጨርቁን አትዪው፣ ጨርቁ ያምራል አያምርም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ያልሄደብሽ ከለር ሲሆን ጠርዙ ይጠፋል፣ ፊትና አንገት አንድ ላይ ይፈሳል፣ ጥላው ይወርዳል። የሄደብሽ ሲሆን ወዝሽ ይወጣል፣ የዓይንሽ ነጭ ይነጣል፣ ይሄን ስታዪው ራስሽ ታውቂዋለሽ ማንም አይነግርሽም።

ደሞ አንድ ቀለም ብቻውን አትፍረጂ፣ ሁለት ሁለት እያደረግሽ አወዳድሪ። ንጹህ ነጭና ክሬም፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ፣ የሸክላ ቀይና ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴና ኤመራልድ የሚባለው ጥርት ያለው አረንጓዴ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አልበርት ማንሰል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1905 እ.ኤ.አ ቀለምን በሦስት ነገር ነው የለየው፣ አንደኛ ዓይነቱ፣ ቀይ ነው ሰማያዊ ነው፣ ሁለተኛ መጥቆሩና መንጣቱ፣ ሦስተኛ ጥርት ማለቱና መደብዘዙ። ሰው «አረንጓዴ አይሄድብኝም» ሲል ብዙ ጊዜ ያልሄደበት አረንጓዴው ሳይሆን መደብዘዙ ወይ መንጣቱ ነው። አንቺም ከሞቃት ቀለሞች ጋር የተጣላሽ እንዳይመስልሽ፣ እኔ የምጠረጥረው መደብዘዙን ነው።

ይሄን ፈተና ሁለቴ አድርጊው፣ አንዴ ፀጉርሽን በነጭ ሻሽ ሸፍነሽ፣ አንዴ ገልጠሽ። ሰናፍጩ ተሸፍነሽ ደህና ሆኖ ስትገልጪ ከከዳሽ በቃ ለውጡ ከፀጉሩ ነው የመጣው፣ ስላረጀሽ ወይ ስለታመምሽ አይደለም ማለት ነው፣ ይሄን በዓይንሽ እንድታዪው በጣም እፈልጋለሁ።

ሳላይሽ ገምቺ ካልሽኝ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ ኤመራልድ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ጥልቅ ቀይ፣ ንጹህ ነጭ እላለሁ። ከልጅሽ ሹራቦች የሸክላው ምናልባት ይተርፋል፣ ቀይ ስላለበት ለጠይም ፊት ደም ይሰጠዋል። ግን ግምት ነው፣ መስኮቱ ከኔ ይበልጣል።

ጥቁር ለሁሉም ይሄዳል የሚለውን አልስማማበትም። ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ውጦ ያስቀራል፣ ነጭ ጨርቅ ደሞ ከስር ወደ ፊትሽ ብርሃን ይመልሳል፣ ፎቶ አንሺዎች ከአገጭ ስር ነጭ ሰሌዳ የሚያስይዙት ለዚህ ነው። ድሮ ጥቁር ስትለብሺ ጥቁር ፀጉርሽ ከሱ ጋር ይገጥም ነበር፣ አሁን ላይ ነጭ ታች ጥቁር ሆኖ መሀል ላይ ያለው ፊት ወይ በጣም ይደምቃል ወይ ይጠፋል፣ ቅንድብሽ ገና ጥቁር ከሆነ ሊደምቅ ይችላል። ሞክሪው። ካልሆነ አንገቱ ሰፋ ያለ፣ ቪ የሆነ ጥቁር ከፊትሽ ስለሚርቅ ብዙም አይጎዳሽም፣ ላይ ላይ የብር ጉትቻና ትንሽ ሊፕስቲክ ከተጨመረበት ደሞ ሌላ ነገር ነው። እንደውም ርቀት የሚባለውን ነገር ያዢልኝ፣ ፊትሽን የሚነካው ከደረት በላይ ያለው ቀለም ነው፣ ጉርድ ቀሚስና ሱሪ ላይ ቡና ዓይነትሽን እንደፈለግሽ ልበሺ፣ የሃያ ዓመት ልብስ አውጥቶ መጣል የለም።

እሺ ልጅሽስ። ይሄ ነው ደብዳቤሽን ሦስቴ ያስነበበኝ። ስልኩን ዘግተሽ የምታወልቂው ሹራብ ነገር ልቤን ነካው። ልጅሽ ግን ሹራቡን ስትልክ የፈለገችው ምን ይመስልሻል? አሞሻል እንዳትባይ አይደል? እና አሁንም እየተባልሽ እንደሆነ አታውቅም። ደስ ይበላት ብለሽ ስትደብቂ የደከመችለትን ነገር ነው የደበቅሽባት፣ ብታውቅ ከሹራቡ ይልቅ በዚህ ታዝናለች ብዬ እፈራለሁ።

ንገሪያት፣ ግን በሹራቡ አትጀምሪ፣ በፎቶው ጀምሪ። «የምርቃትሽን ቀን ፎቶ ሳየው ፀጉሬ እኮ ጥቁር ነበር፣ አፑ ያቺን እናትሽን ነው ያያት፣ የአሁኗን አላያትም» በያት። ማንም አልተሳሳተም፣ እሷም አንቺም፣ ፎቶው ነው የቆየው። ከዛ ሥራ ስጫት። መስኮቱ ጋር አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ነጭ ወረቀት ከጉንጭሽ አጠገብ ይዘሽ የሰናፍጩን ለብሰሽ አንድ ፎቶ፣ ጥቁር ሰማያዊ አድርገሽ አንድ ፎቶ ተነሺና ላኪላት፣ ወረቀቱ ሁለቱም ላይ እኩል ነጭ ከሆነ ካሜራው አልዋሸም ማለት ነው። የቱ ይሻላል ብለሽ እሷን ጠይቂያት፣ ራሷ ስታየው አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም። በቪዲዮ ላይ ግን አታድርጉት፣ ቀለሙን በየሰከንዱ ይቀያይረዋል፣ እስካሁን ያላስተዋለችውም ለዚህ ይሆናል።

ሹራቦቹን አታስቀምጫቸው። የሰናፍጩን ከስር ኮሌታው ጥርት ያለ ነጭ ሸሚዝ አድርጊና ኮሌታውን አውጪው፣ ያ ሁለት ጣት የምታክል ነጭ ፊትሽንና ሰናፍጩን ትለያቸዋለች፣ አገጭሽ ላይ ብርሃን ትመልሳለች። የወይራውን በሻርፕ ሞክሪው። ከዚህ በኋላም ካልሆነ ለልጅሽ መልሺላት፣ ጥቁር ፀጉር አላት አይደል፣ እናቷ ለብሳው የነበረ ሹራብ ብትለብስ የምትጠላ አይመስለኝም።

እስከዛ ግን ምንም እንዳትገዢ። ሰኞ ጠዋት ያቺን ከጎንሽ የምትቀመጠውን ልጅ ሻርፑን ለአንድ ሳምንት አውሺኝ በያት፣ ምክንያቱንም ንገሪያት፣ ደስ ይላታል። በደንብ ተኝተሽ ያደርሽበት ቀንም አድርጊው፣ ያልተኛሽበት ቀንም አድርጊው፣ በሳምንቱ ውስጥ ስንት ሰው አሞሻል እንዳለሽ ቁጠሪና ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ መስኮቱ ጋር ምን እንዳየሽም፣ በተለይ ሁለቱን ቀዮች።